ጎሬን በሦስተኛ ማርሽ

ፍሰሐ መሞቱን የሰማሁት ጎሬ፣ ልብስ ስፌት ቤቴ ውስጥ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እያጠበብኩ ሳለ ነው። ታላቅ እህቴ አስናቀች ከመቱ ደውላ «ጽጌ፣ ፍሰሐ ሄደብኝ» አለችኝ። «ደግሞ የት ሄደ?» አልኳት። ባሏ መሄድ ልማዱ ነበር። አንድ ሰሞን ለማር ንግድ ብሎ ከጎሬ ወዲያ ወዳለችው ቡሬ፣ ሌላ ሰሞን ለመካኒክነት ብሎ ወደ ጅማ ይሄድና ኪሱ ባዶ ሆኖ፣ ወሬው ሞልቶ ይመለሳል። ነገሩ የገባኝ አስናቀች ማልቀስ ስትጀምር ነው። ልቡ ነው አሉ። ጠዋት ደረቱን ይዞ ወደቀ፣ ሆስፒታል ሳይደርስም አለፈ።

የሞተ ሰው ማማት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን እኔ ፍሰሐን በቁሙም አምቼዋለሁ፣ ፊት ለፊትም ነግሬዋለሁ፤ ስለዚህ ዛሬ አዲስ ነገር አልጀምርም። በሕይወቴ እንደሱ የናቅሁት ሰው የለም። እንደሱ የማልረሳውም የለም።

መልከ መልካም ነበር፤ ይኼን አልክድም። ጥርሱ ነጭ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ሳቁ ከአጥር ውጭ የሚሰማ። እህቴን ያጠመዳት በዚያ ሳቅ ነው። የታላቅ እህቴ ባል ስለሆነ «ጋሼ» ልለው ይገባኝ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ሌላው ሰው ሸሚዝ ኪሱ ላይ እስክሪብቶ እንደሚሰካ እሱ የጎማ ነፋስ መለኪያ ይሰካል። ጎማ ሲለካበት ግን አይቼ አላውቅም። አንድ ነገር ተበላሸ ሲባል መጀመሪያ መሐረብ አውጥቶ እጁን ይጠርጋል፣ ገና ምንም ሳይነካ። ከዚያ ጆሮውን ያስጠጋል። ለመኪናም፣ ለሬዲዮም፣ ለውሃ ቧንቧም ጆሮውን ያስጠጋል። ከዚያ ቀና ብሎ «ይኼ እኮ ቀላል ነው» ይላል።

ይቺ «ቀላል ነው» ስንቱን ቤት እንዳመሰች! የጎረቤቱን የኦቦ ቶላሳን የውሃ ቧንቧ ጠግኖ ውሃው በመኝታ ቤታቸው በኩል ወጣ። ኦቦ ቶላሳ ፍራሻቸውን ፀሐይ ላይ እያሰጡ «ያ ፍሰሐ፣ ዱራኑ ወያ ቱሬ» አሉት፤ የበፊቱ ይሻል ነበር ማለታቸው ነው። እሱ ከት ብሎ ሳቀና «ግፊቱ ስለጨመረ ነው» አላቸው። የተወለደው ሶር ፏፏቴ አጠገብ ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶችን ፏፏቴውን ላሳያችሁ ብሎ ይዟቸው ሄደና ጫካ ውስጥ ጠፋ፤ የውሃው ድምፅ እየተሰማ! እንግዶቹን መርታ ያወጣቻቸው እንጨት ስትለቅም ያገኙዋት ሴት ናት። መቱ ሲመለስ «ማንም የማያውቀውን መንገድ አሳየኋቸው» ብሎ አወራ። ውሸት ነው እንዳይባል፣ እውነቱን ነው፣ ማንም አያውቀውም። በዚያው ሰሞን «ቴክኒሻን ፍሰሐ» የሚል ካርድ አሳትሞ ለሰው ማደል ጀመረ።

ቤቱን የምታኖረው እህቴ ነበረች። አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው አስናቀችን ከጎኑ እያስቀመጠ መንዳት አስተማራት። እሱ ሲሞት በደረሳት ውርስ አንዲት ያረጀች ነጭ ዲኤክስ መኪና ገዛችና መቱ መናኸሪያ ሄዳ ከጎሬ መስመር ሹፌሮች ጋር ተራ ልያዝ አለች። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ጋሼ በቀለ ነበሩ፤ ነጭ ኮፍያ የማይለያቸው፣ ፉጨታቸው ከመኪና ጥሩምባ የሚበልጥ ሰው። ከላይ እስከ ታች አይተዋት ሳቁ።

«ልጄ፣ ይኼ ዳገት እኮ ነው። ዝናብ አለበት፣ ጭቃ አለበት። እዚያ ላይ ሴት መሪ ይዛ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም ጋሼ። እርስዎ ግን ዛሬ ሊያዩ ነው» አለቻቸው።

እያቅማሙ አስገቧት። «አንዲት ጥፋት ካየሁ ግን ትወጫለሽ» አሏት፤ ለወንዶቹ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። አስናቀች ይኼን ቃል ልቧ ውስጥ ይዛ ነበር የምትነዳው። ወንዶቹ አንዱ ቦይ ይገባል፣ አንዱ ከብት ይገጫል፣ አንዱ ጠጥቶ ይመጣል፣ ነገ ተመልሰው ተራቸው ላይ ናቸው። እሷ አንድ ጊዜ ብትሳሳት ነገ የላትም። ስለዚህ ለዓመታት ያለ ጭረት ነዳች። ገበያተኛ ሴቶች «የአስናቀች መኪና እስክትመጣ» እያሉ ሌላውን ያሳልፉ ነበር፣ አነዳዷ ልስልስ ስለሆነ፣ መኪናዋም ድምፅ ስለሌላት።

ፍሰሐን ያቃጠለው ደግሞ ይኼው ነው። እሱ አይነዳም። መንጃ ፈቃድ ተፈትኖ ወደቀና «ፈታኙ ቀናብኝ» ብሎ ተወው። ግን የፊት ወንበር ላይ ጉብ ብሎ እጁን በመስኮት አውጥቶ «ማርሽ ቀይሪ! ፍሬን!» ይላታል፤ የማያውቅ ተሳፋሪ ባለመኪናው እሱ ይመስለዋል። የሚያውቀው ግን «የሹፌሯ ባል» ነበር የሚለው። አንድ ቀን እቤታቸው ምሳ እየበላን ድንገት «መኪናዋ ድምፅ የላትም» አለ።

«ድምፅ ምን ያደርግላታል?» አልኩት።

«መኪና ሲመጣ መታወቅ አለበት። ይቺ እንደ ድመት ናት፤ ሰው ማን እንደመጣ እንኳን አያውቅም።»

እኔ ሳቅሁበት። እህቴ አልሳቀችም፤ ወጡን ጨመረችለት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከዱባይ የተመለሰ ዘመዱ አንድ ዕቃ አመጣለት። ሄደር ይሉታል። ከሞተሩ አራት ቀዳዳ የሚወጣውን ጭስ ድሮ አንድ ድፍን ወፍራም ብረት ነበር የሚቀበለው፤ ሄደር በዚያ ፈንታ አራት ቀጫጭን የተጣመሙ ቧንቧዎች ናቸው፣ ታች ላይ የሚገናኙ። ጭሱ በቀላሉ ስለሚወጣ ሞተሩ ጉልበት ያገኛል፣ ድምፁም ይጎላል አሉ። እንደ መስታወት ያበራል። ፍሰሐ ሳሎን ውስጥ ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ላይ አስቀመጠው። እንግዳ ሲመጣ ከሠርግ ፎቷቸው በፊት እሱን ነበር የሚያሳየው። «ይቺ ስትገጠም፣ ጎሬን በሦስተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው» ይላል። ዳገቱን ሁሉም በሁለተኛ ነው የሚወጣው፤ አስናቀችም ጭምር።

«ጋራዥ እንውሰደው» አለችው።

«ለምን? ይኼ እኮ ቀላል ነው።»

ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ከርሟል። ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ወለሉ እንደ ሳህን የታጠበ ቤት ውስጥ ነጭ ጓንት አድርጎ፣ ፍሰሐ በማያውቀው ቋንቋ እያወራ ነው የሚሠራው። ፍሰሐ ድምፁን አጥፍቶ በራሱ አማርኛ ይተረጉመዋል። ክረምት ገባ፤ የእኛ አገር ክረምት ደግሞ ገብቶ መውጫውን ይረሳል። ሥራ ቀዝቀዝ ስላለ አስናቀች ለሳምንት ጋሼ በቀለን አስፈቅዳ መኪናዋን ግቢ አስገባችለት። እኔ ለእናታችን ተዝካር ወርጄ እዚያው ነበርኩ፤ ሁሉንም በዓይኔ አየሁ።

ከጣሪያው ጠርዝ ሸራ ወጥሮ ኮፈኑን ከፈተ፣ እጁን በመሐረብ ጠረገ። ያረጀ ብሎን ከመፈታቱ በፊት በዘይት ተነክሮ ይቆያል፤ እሱ ግን መፍቻውን በቧንቧ አስረዝሞ ታገለው። ሁለቱ ተፈቱ፣ አንዱ ግን ድርቅ ብሎ ተሰበረ። «እሱ ትርፍ ነው» አለ። ትርፍ! የፋብሪካው ሰዎች ዝም ብለው አንድ ብሎን የጨመሩ ይመስል። የሆነ ሆኖ የድሮው ብረት ወረደ። በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ውጭ «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ አለፈ፤ ፍሰሐም ብረቱን ይዞ ወጣ። ሲመለስ በእጁ ቀይ የፕላስቲክ ሳፋ ይዟል።

አስናቀች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «የድሮው የታለ?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ፍሰሐ፣ አዲሱ ገና አልገባም። የድሮው የታለ?»

በአገጩ ሳፋውን አሳያት። እህቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ በሩን ከፍቼ እየሮጥኩ ወጣሁ፤ የቁራሌው ጋሪ የት እንደታጠፈ ያየ ሰው የለም። ስመለስ ፍሰሐ «ወደ ኋላ አላይም እኔ» እያለ ያስረዳታል። ያ ሳፋ እስከ ዛሬ ልብስ ይታጠብበታል።

ከዚያ ሄደሩን ከዳንቴሉ ላይ አንስቶ አመጣና ሲያስገባው፣ አልገባም። ከላይ ሞከረ፣ ከታች ሞከረ፣ አዙሮ ሞከረ። አስናቀች ተነሥታ መጣችና ጎንበስ ብላ አየችው።

«የመሪውን ዘንግ እየነካ ነው። ይኼ መሪያቸው በቀኝ ለሆነ መኪኖች የተሠራ ነው። የእኛ መሪ በግራ ነው።»

«ዕቃው ትክክል ነው» አለ።

«ታዲያ ለምን አይገባም?»

«መኪናዋ ናት ጠማማ።»

ኦቦ ቶላሳ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ይኼ ነገር ሂን ተኡ፣ አይሆንም» አሉ። ሰው ሲያይ ደግሞ ፍሰሐ ይብስበታል። «ብረት አይደል? ብረት ይታጠፋል» ብሎ መዶሻ አነሣና ያንን የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ደረጃው ላይ አጋድሞ ይወቅጠው ጀመር። መሪው የሚያልፍበትን ጎን እንደ ቂጣ ጠፍጥፎ በግድ አስገባው። ሲያስገባው ግን አፉ ተንሻፎ ከሞተሩ ጋር አልገጠመም፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። እዚህ ላይ ማንም ጤነኛ ሰው ያቆማል። ፍሰሐ ከኦቦ ቶላሳ በረት እበት ጠይቆ፣ ከምድጃ አመድ ዛቀ፣ ለወሰና ክፍተቱን ለቀለቀው። ቤተሰቦቹ ማር ቆራጮች ናቸው፤ ቀፏቸውን እንደዚያ ነው የሚለቀልቁት።

«አባቴ የለቀለቀው ቀፎ ላይ አንዲት ንብ አታልፍም» አለ። «ንብ ያላለፈችበት ጭስ ያልፋል?»

ይኼን ሲል በፍጹም እየቀለደ አልነበረም። እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ።

እበቱ እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያ «አስነሺው» አላት። አስናቀች ቁልፉን አዞረች፤ ሰፈሩ ተናወጠ! የኦቦ ቶላሳ ላም ገመዷን በጥሳ በረረች፣ ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ፣ የተቃጠለ እበት ሽታ ግቢውን ሞላው። ፍሰሐ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ በዚያ በሚያምር ጥርሱ ይስቃል። እህቴን አየኋት፤ መሪውን እንደያዘች እሱን እያየች ፈገግ ብላለች። እዚያ ጋ በእሷም ተናደድኩ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ፍሰሐ ፊት ተቀመጠ፣ እኔ ወደ ቤቴ ስለምመለስ ከሁለት ገበያተኞች ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ስለሚወርድ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ዳገቱ ሲጀምር «ሦስተኛ! ሦስተኛ አስገቢ!» ብሎ ጮኸ። አስገባች። እውነት ለመናገር ወጣች፤ እያጓራች የመጀመሪያውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣች። ፍሰሐ ወደ እኔ ዞሮ «ጽጌ፣ አየሽ? አየሽ?» ይለኛል። አጠገቤ ያሉት ትልቅ ሴትዮ፣ እትዬ ድንቅነሽ፣ «ይቺ መኪና ስትጮህም ታስተኛለች» አሉና ዓይናቸውን ከደኑ። እኔም ራሴ ከበደኝ፣ ጉሮሮዬ ከረረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። እበቱ በሙቀት ተሰነጣጥቆ ወድቆ ኖሯል፤ ያ ሁሉ ጭስ ከእግራችን ሥር ወደ ውስጥ ይገባ ነበር።

አስናቀች ብቻ ናት የነቃችው። «መስኮት ክፈቱ!» ስትል ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ መሰለኝ። መኪናዋን ወደ ዳር ስባ ፍሬን ያዘች፤ ጭቃው ላይ ተንሸራትታ አንድ ጎማዋ ቦይ ገባና ቆመች። በሩን ከፍታ እየጎተተች አወጣችን። እትዬ ድንቅነሽን ሣሩ ላይ አስተኝታ ፊታቸውን በዝናብ ውሃ ስታጥብ እሷ ራሷ እያስመለሳት ነው። ሴትዮዋ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ።

ከኋላ የመጡ መኪኖች ቆሙ፣ ሰው ወረደ። መጀመሪያ የተሰማው ቃል «ሴት ይዛው ነው!» የሚል ነበር። ከዚያማ ማን ይመልሰው። «ሰው ልትፈጅ!» «ዳገት ላይ ሴት ምን ትሠራለች?» «ሰክራለች፣ እያት ስታስታውክ!» ሕይወታችንን ያተረፈችው ሴት ጭቃ ላይ ተንበርክካ ይኼን ሁሉ ትሰማለች። ፍሰሐ ደግሞ ትንሽ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ቆሞ በመሐረቡ እጁን ይጠርጋል።

«አንተ፣ ተናገር እንጂ!» አልኩት።

ሩቅ ሩቅ አየ።

ጋሼ በቀለ በነጋታው ሁለቱንም መናኸሪያ አስጠሯቸው። እኔም መቱ አድሬ ስለነበር ተከትዬ ሄድኩ። ሹፌሮቹ ከበው ቆመዋል። ጋሼ በቀለ አስናቀችን አልጠየቋትም፣ ፍሰሐን ነው የጠየቁት፣ «ምን ሆና ነው?» ብለው። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው፤ «እኔ ነኝ» ቢል ይበቃ ነበር። መሐረቡን ወደ ኪሱ ከተተና «ደክሟት ነበር፣ እንቅልፍም የላት» አለ።

እህቴ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ አንገቷን ደፋች። ጋሼ በቀለም «ብያለሁ አይደል» ብለው ከተራ አወጧት። እኔ አፌን ልከፍት ስል ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝና ወደ ውጭ ጎተተችኝ። «ትነግሪያቸውና እህትሽ አይደለሁም» አለችኝ። ምን ላድርግ? ዝም አልኩ፤ ግን ከዚያ ቀን በኋላ እሱ ያለበት ማዕድ ላይ አልተቀመጥኩም።

አስናቀች የድሮውን ዓይነት ብረት ከአዲስ አበባ አስመጥታ ጋራዥ አስገጠመች። መኪናዋ እንደ ቀድሞው ዝም አለች። ተራው ግን አልተመለሰላትም። እስከ ዛሬ ጎመንና ሽንኩርት ወደ ቡሬ ገበያ እየጫነች ነው የምትኖረው፤ ሰው አልጫነችም። ፍሰሐም ከዚያው ጎመን እየበላ ኖረ። ያንን የተጨፈለቀ ሄደር አውርዶ ወልውሎ ቡፌው ላይ መልሶ አስቀመጠው። እንግዳ ሲመጣ «ይኼ ነበር ጎሬን በሦስተኛ ማርሽ የወጣው» ይላል። እህቴ አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማለች። ሰው በራሱ ውርደት ላይ ዳንቴል ሲያነጥፍ ያየሁት ያኔ ነው።

እንግዲህ የሞተ ዕለት መቱ ስደርስ ድንኳን ተጥሏል፣ ሳጥኑ ሳሎን ወጥቷል፣ ግቢው ሞልቷል። ሰው ሞቶ የማይመሰገን የለምና ምስጋናው ይዘንባል። «እጀ ወርቅ!» «የማይጠግነው ነገር አልነበረም!» ጋሼ በቀለ አርጅተው በምርኩዝ መጡና ከሳጥኑ አጠገብ ቁጭ አሉ። አጠገባቸው ላሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ፣ «ያቺን መኪና እንዴት አድርጎ ሠርቷት ነበር። በሴት እጅ ገባችና ተበላሸች እንጂ» አሉ።

ደሜ ፈላ። ገና ከመቀመጫዬ ብድግ ስል ግን አስናቀች ቀድማኝ ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሳጥኑ ፊት ቆመች። ሙሾ ልታወርድ እንደሆነ ሁሉም ገባውና ፀጥ አለ። ሚስት በባሏ ሬሳ ላይ ስታለቅስ ማንም አያቋርጣትም፤ ቄስ እንኳን ቢሆን ይጠብቃል። ደረቷን እየመታች ጀመረች።

«ለሰው ያልነገርኩት ልንገርህ ዛሬማ፣
ሬሳህ ሳይርቅብኝ ሀገር እየሰማ።
መዶሻ አንስተህ ብረት ስትመታ፣
እኔ ተባረርኩኝ ከሹፌሮች ቦታ።
መንገድ ዳር ሲሰድቡኝ ቆመህ እያየኸኝ፣
ምነው አንዲቷን ቃል ጌታዬ ነፈግኸኝ።»

አልቃሾቹ ሴቶች በልማዳቸው የመጨረሻውን ስንኝ ተቀብለው ደገሙት። «ምነው አንዲቷን ቃል ጌታዬ ነፈግኸኝ» እያለ ግቢው በሙሉ አለቀሰ። እሷ ቀጠለች። የተሸጠውን ብረት አነሣች፣ እበቱን አነሣች፣ ጭሱን አነሣች፣ «ደክሟት ነበር» ያላትን አነሣች፤ አንድም አላስቀረችም። እያንዳንዷን ሴቶቹ ተቀብለው እያለቀሱ ደገሙላት። በየመሐሉ ስሙን እየጠራች፣ ሳቁን እየጠራች፣ ሳጥኑን እያቀፈች ትንሰቀሰቃለች። የእውነት ልቅሶ ነበር። ጋሼ በቀለ መጀመሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በኋላ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ቀና ሳይሉ ቀሩ። ዓመታት ሙሉ ማንም ያልጠየቃትን መልስ፣ ማንም ተነሥቶ ሊወጣ በማይችልበት ቦታ ሰጠቻቸው።

ሲደክማት ደግፌ ወደ ጓዳ አስገባኋት። ውሃ ሰጠኋት። 

«አሁን ነው እንዴ የምትናገሪው?» አልኳት። «እሱ በቁሙ እያለ ብትናገሪ ተራሽን ይመልሱልሽ ነበር።»

ብርጭቆውን አስቀመጠችና ዓይኗን ጠረገች።

«በቁሙ እያለ ብናገረው የት ይገባ ነበር?» አለችኝ።

የትም ይግባ፣ ልላት ነበር። ዛሬም የምለው ይኼንኑ ነው። ግን ሳጥኑን ሊያነሡ ሲጠሯት «ቆዩ፣ አብሬው ልሂድ» ብላ ባዶ እግሯን ወጣች፤ እኔም ጫማዋን ይዤ ተከተልኳት።